ሆዴን ለማሰራት ኢስታንቡል ልሂድ ወይ? (የጠየቀችው እህታችን ክር፣ ከነመልሶቹ)

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄዋና ስሩ የተጻፉት መልሶች፣ ረዝሞ ረዝሞ አዲስ ሚገባ ሰው ሁሉ መሀሉን ሳያነብ ታች መጥቶ ያንኑ ጥያቄ እየጠየቀ ስለሆነ፣ ከላይ እስከ ታች የተባባልነውን በራሴ አባባል አንድ ቦታ ላስቀምጠው። የሰውም የክሊኒክም ስም አላነሳም፣ የመልሱን ቁጥር ብቻ ነው ምጠራው። የራሴን ሀሳብም እያስገባሁ ነው ምሄደው፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ዝም ብሎ ሚታለፍ አይደለም።

መነሻው እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ቨርጂንያ ነው ምትኖረው፣ የሶስት ልጆች እናት ናት፣ የመጨረሻው በኦፕራሲዮን ነው የተወለደው። ከዛ ወዲህ ሆዷ አልመለስ ብሏታል። ጂም ገብታለች፣ ምግብ ቀንሳለች፣ ክብደቷም ወርዷል፣ ግን ቆዳው ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ሰርግ በሄደች ቁጥር ስንት ወርሽ ነው እያሉ ይጠይቋታል። እዛው ሰፈሯ ያለ ዶክተር ለሆዱ ብቻ 14,000 ዶላር አላት። ኢንስታግራም ላይ ያገኘቻቸው የኢስታንቡል ሰዎች ደሞ ሆዷን ቆርጠው ሊያጠብቁ፣ ማለትም ተሚ ታክ ሚባለውን፣ ከወገቧ ስብ ሊመጥጡ፣ ያንኑ ስብ መልሰው ዳሌዋ ላይ ሊጨምሩ፣ ቢቢኤል ሚባለውን ማለት ነው፣ ስድስት ሌሊት ሆቴል፣ ከኤርፖርት መቀበል፣ አስተርጓሚ ምናምን ተደምሮ 5,200 ዶላር አሏት። ዕቁብ ደርሷታል፣ 500 ዶላር ዲፖዚት ልካለች፣ ባሏ አያውቅም፣ ለታላቅ እህቷ ብቻ ነው የነገረችው። የጠየቀችው፣ ሄዶ የተሰራ ሰው አለ ወይ፣ እንዴት ነበር፣ ስድስት ሌሊትስ ይበቃል ወይ ነው።

1ኛዋ መልስ ምርቃት ነበር። እንኳን ዕቁቡ ደረሰሽ፣ ሰውነቱም ያንቺ ገንዘቡም ያንቺ፣ ማንንም እንዳትሰሚ ብላ ሄደች።

2ኛው የሲያትል ወንድማችን ነው፣ ኢስታንቡል ፀጉሩን አስተክሎ የመጣ። በጣም ነው ደስ ብሎት የጻፈው፣ ከማጅራቱ አንድ በአንድ እያነሱ ግንባሩ ላይ ሲተክሉ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል እንደተኛ፣ ጭንቅላቱ ላይ ማደንዘዣውን ሲወጉት ብቻ እንዳመመው፣ በመጀመሪያው ወር የተተከለው ሁሉ ሲረግፍ ተበላሁ ብሎ እንደደነገጠና ከዛ ግን እንደሚነግሩት በዓመቱ ሞልቶ እንደወጣ። ኢስታንቡል ኤርፖርት ላይ ጭንቅላታቸው ዙሪያ ጥቁር ማሰሪያ ያሰሩ፣ አናታቸው በቀይ ነጠብጣብ የተሞላ ወንዶች ተሰልፈው ሲያይ ብቻውን እንዳልሆነ ገብቶት ተረጋግቷል። እሷም እንድትሄድ ነው የመከራት። በመሀል ግን አንድ ነገር ጣል አድርጓል፣ ሐኪሙን ያየው ጠዋት የፀጉሩን መስመር በእስክርቢቶ ሲያሰምርለት ብቻ ነው፣ የቀረውን የሰሩት ቴክኒሻኖች ናቸው። እሱ እንደቀላል ነው የጠቀሰው፣ ይሄን ያዙልኝ ምክንያቱም በኋላ የክሩ ዋና ነገር ይሄ ሆኗል።

3ኛው ሰውነት የእግዚአብሔር ቤተመቅደስ ነው፣ የልጆች እናት ሆኖ መልክ ማሳደድ ምን ሚሉት ነው ብሎ መጣ። 4ኛዋ ወዲያው ያዘችው፣ ከላዩ ፀጉሩን ያስተከለውን ወንድ ምንም ሳይለው ስለሴቲቱ ሆድ ሲሆን ነው ወይ ቤተመቅደሱ ትዝ ያለው ስትል። እውነቷን ነው። ወንዱ ፀጉር ሲያስተክል ጎበዝ ተብሎ ሴቷ ወልዳ የተጎዳ ሆዷን ላሰራ ስትል ትዕቢተኛ መባሏ ፍትሃዊ አይደለም። 5 እና 6 የነሱ ጭቅጭቅ ነው፣ ወደ ስድብ ሲሄድ ከፊሉ ተሰርዟል፣ እኔም አልደግመውም።

7ኛዋ ስትመጣ ነው ክሩ መልክ የያዘው። ሜሪላንድ ነርስ ናት፣ ሰው ከኦፕራሲዮን ሲወጣ ሚነቃበት ክፍል ነው ምትሰራው፣ በጣም ረጅም ነው የጻፈችው። ሂጂም አትሂጂም አላለቻትም፣ መጀመሪያ ያረመቻት ሶስቱን ነገር እንደአንድ ኦፕራሲዮን መቁጠሯን ነው። ተሚ ታክ ብቻውን ትልቅ ስራ ነው፣ ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ዳሌ ተቆርጦ ቆዳው ይነሳል፣ በእርግዝና የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች መሀል ለመሀል ይሰፋሉ፣ እምብርት ቦታው ተስተካክሎ ይወጣል፣ ከዛ ሰውየው ለቀናት ጎብጦ ነው ሚራመደው፣ ቀና ማለት አይችልም፣ ከጎኑ ውሃና ደም ሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ይንጠለጠላሉ፣ ለስድስት ሳምንት አካባቢ ከባድ ነገር አያነሳም። ትንሹን ልጅሽን ማን ነው ሚያነሳልሽ ብላ ጠየቀቻት። ይሄን ጥያቄ ደላላ አይጠይቅም።

ቀጥላ ስለ ደም መርጋት ነው ያስረዳችው። ሆድ ከተሰራ በኋላ ሰው ስለማይንቀሳቀስ፣ ሆዱም ስለሚጠብቅ፣ እግር ላይ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገላል። ከመዋቢያ ኦፕራሲዮኖች ውስጥ ተሚ ታክ በዚህ በኩል ከሚፈሩት አንዱ ነው፣ ከሌላ ስራ ጋር ሲደራረብ ደሞ ይብሳል፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ምትወስድ ከሆነም እንደዛው። በዛ ላይ ከኢስታንቡል ዋሽንግተን 11 ሰዓት ገደማ ተቀምጦ መብረር አለ። የአሜሪካው በሽታ መከላከያ መስሪያ ቤት ሲዲሲ የሆድ ወይ የደረት ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው 10 ቀን ሳይሞላው እንዳይበር ነው ሚመክረው። ስለዚህ ስድስት ሌሊት ይበቃል ወይ ለሚለው መልሱ አይበቃም ነው፣ በቃ። ፓኬጁ የተቆረጠው በሆቴሉ ሂሳብ እንጂ በቁስሉ አይደለም።

ስለ ቢቢኤሉ ደሞ ለብቻው ጻፈች። ዳሌ ውስጥ ጡንቻው ስር ትልልቅ የደም ስሮች አሉ፣ ስቡ ወደ ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ አንዱ ስር ከተቀደደ ስቡ በደም ሄዶ ልብና ሳንባ ይዘጋል፣ እዛው ጠረጴዛው ላይ ወይ በሰዓታት ውስጥ ሰው ያልፋል። በ2017 የወጣ የራሳቸው የፕላስቲክ ሰርጀኖቹ ጥናት ሟቹን ከ3,000 ሰው እስከ አንድ አድርሶት ነበር፣ በ2018 የእንግሊዝ ሰርጀኖች ማህበር አባላቱ ጨርሶ እንዲያቆሙ ነገረ። ከዛ ወዲህ ስቡን ከቆዳ ስር ብቻ ማድረግና መርፌውን በአልትራሳውንድ እያዩ መስራት ሲጀመር አደጋው ቀንሷል፣ እንግሊዞቹም በ2022 በዚህ ቅድመ ሁኔታ እንዲሰራ ፈቀዱ። ስለዚህ የት አገር ነው ከሚለው በላይ ማን ነው ሚሰራው፣ በአልትራሳውንድ ነው ወይ፣ በቀን ስንት ሰው ነው ሚሰራው ሚለው ነው ጥያቄው። ፍሎሪዳ እንኳን በ2022 አንድ ሰርጀን በቀን ከሶስት ቢቢኤል በላይ እንዳይሰራ ከልክላ ነበር።

8ኛው ይሄን ሁሉ አንብቦ ሆቴሉ ቁርስ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። አለው።

9ኛዋ ከኛ ሁሉ በእድሜ ትልቋ ናቸው መሰለኝ፣ እናቴ ነው ሁሉም ሚላቸው። እንደወለደች ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ብትታሰርና ገንፎዋን በልታ አርባ ቀን ብትታረስ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ፣ የአሜሪካ ወሊድ በሶስተኛው ቀን ስራ ነው፣ ሴቱን የጎዳው እሱ ነው ብለው በጣም አዝነው ጻፉ። 10ኛዋ ያችው ነርስ ናት፣ በአክብሮት ነው ያረመቻቸው። ማሰር ወገብ ይደግፋል፣ ህመምም ያቀላል፣ ግን የተራራቀ ጡንቻን አይገጥምም፣ የተለጠጠ ቆዳንም አይመልስም። አንዳንዱ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሄዶ ጡንቻውን ያጠነክራል፣ መጀመሪያ እሱን መሞከር ክፋት የለውም፣ የተረፈ ቆዳ ግን በስፖርት አይጠፋም፣ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። እርግጠኛ ነኝ ጠያቂዋ ከሁሉ በላይ መስማት የፈለገችው ይሄን ነው። ስለ መታረሱ ግን እናቴ ያሉት ትክክል ነው፣ ለሱ ማንም መልስ አልነበረውም።

11ኛዋ ስልክ ቁጥር ይዛ መጣች። ኢስታንቡል እንደምትኖር፣ አማርኛም ቱርክኛም እንደምትችል፣ የራሷ ክሊኒክ እንዳላት፣ ለሀበሻ ቅናሽ እንደምታደርግ፣ እስከዛሬ አንድም ሰው ችግር እንዳልገጠመው። 12ኛዋ ጥያቄ አዘነበችባት፣ ክሊኒኩ የራስሽ ከሆነ ሐኪም ነሽ ወይ፣ ካልሆንሽ ማነው ሐኪሙ፣ ኮሚሽንሽ ስንት ነው፣ አንድም ሰው ካልተቸገረ ኦፕራሲዮን ነው ወይስ ፎቶ ነው ምትሰሩት። መልስ የለም። ቁጥሩ ከክሩ ወጥቷል፣ ማንም በውስጥ መስመር ለኔ አትጠይቁኝ፣ አልሰጥም። ክሊኒክ ሳይኖረው ሰው እየመለመለ ሚያስረክብ ደላላ ነው፣ ቤት ሲያከራይ ደላላ መሆኑን እናውቃለን፣ ኮንሰልታንት ነኝ ሲል ግን ነጭ ጋውን ስለሚለብስ እንረሳዋለን።

13ኛዋን ሁላችሁም ተረጋግታችሁ አንብቡ፣ ቴክሳስ ዳላስ ናት። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳንቶ ዶሚንጎ ሄዳ ሆዷንም ዳሌዋንም ተሰርታ መጣች። ክሊኒኩ ንጹህ ነበር፣ ሰዎቹም መልካም ነበሩ አለች፣ አላጥላላችም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምትቀመጥበት ቤት ውስጥ ስድስት ሴቶች አብረው ነበሩ፣ ሁሉም ፋጃ ሚባለውን ሚያጣብቅ ልብስ አድርገው፣ ዳሌያቸው ላይ መቀመጥ ስለማይችሉ በሆድም መተኛት ስለማይችሉ ቆመው ነበር ሚበሉት። ዳላስ ስትገባ ቱቦዎቹ ገና አልወጡም። እሁድ የልጇ ክርስትና ነበረባት፣ ቱቦዎቹን ከነጠላው ስር በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ቆማ አስቀደሰች፣ ማታ ማታ የወረደውን ፈሳሽ በልጇ የመድሃኒት መለኪያ ብልቃጥ እየለካች ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር፣ ደብተሩን በዋትስአፕ ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ ከወዲያ በስፓኒሽ ጥሩ ነው ሚል መልስ ይመጣል። እንደምንም ተሻላት። ከሳምንታት በኋላ ነው ጠባሳው መስመር ላይ ሽምብራ ሽምብራ ሚያክሉ እብጠቶች ወጡ፣ ቀልተው ፈነዱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይከፈታል። ሰፈሯ ያለ ክሊኒክ አንቲባዮቲክ ሰጣት፣ ምንም። ሌላ ሰጣት፣ ምንም። ፕላስቲክ ሰርጀን ጋ ስትደውል የሌላ ሰው ስራ አንነካም እያሉ አንዱ ወደ አንዱ መሯት። በዋትስአፕ ስትጽፍ በመጀመሪያ ጸሎት እያደረግን ነው አሏት፣ ቀጥሎ ቁጥሩ መመለስ አቆመ።

14ኛዋ ነርሷ ገብታ ይሄ ምን እንደሚመስል ተናገረች፣ 13ኛዋም በኋላ ትልቅ ሆስፒታል ስትመረመር ያንኑ እንዳሏት አረጋገጠች። ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ ሚባል ነው፣ የቲቢ የሩቅ ዘመድ፣ ውሃና አፈር ላይ ሚኖር፣ ዕቃው በደንብ ካልተቀቀለ ወይ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ቁስል ውስጥ ሚገባ። የተለመደው አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ በተለመደው ምርመራም ቶሎ አይታይም፣ ሐኪሙ ካልጠረጠረ አይፈልገውም፣ መድሃኒቱ ሁለት ሶስት ዓይነት ሆኖ ለወራት ነው። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በመጡ ሴቶች ላይ በ2003 እና 2004፣ እንደገና በ2013 እና 2014 ተመዝግቧል። ስለዚህ ውጭ ተሰርታችሁ ከመጣችሁ ሐኪም ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ ምትናገሩት የት እንደተሰራችሁ ይሁን፣ አፍራችሁ ከደበቃችሁ ሐኪሙ በጨለማ ነው ሚፈልገው። ይሄን እኔም በትልቁ አሰምርበታለሁ፣ የኛ ሰው በሀፍረት ነው ብዙ ሚጎዳው።

15ኛው ያ ዶሚኒካን ነው፣ ቱርክ ሌላ ነው፣ አታምታቱ አለ። ግማሹ ልክ ነው። 16ኛው ቁጥር ይዞ መጣ፣ ከ2009 እስከ 2022 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለመዋቢያ ኦፕራሲዮን ሄደው የሞቱ የአሜሪካ ዜጎች 93 እንደሆኑ ሲዲሲ በ2024 መጀመሪያ አውጥቷል፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አስከሬናቸው ተመርምሮ የታወቁት አብዛኞቹ በስብ ወይ በረጋ ደም ነው የሞቱት፣ ብዙዎቹም በአንድ ቀን ሁለት ሶስት ነገር የተሰሩ ናቸው። ጠያቂያችን የታዘዘላት ልክ እሱ ነው። ቱርክን በተመለከተ ደሞ በ2023 ኢስታንቡልና ኢዝሚር ለክብደት ብለው ጨጓራቸው ውስጥ ቦቶክስ የተወጉ የአውሮፓ ሰዎች በቦቱሊዝም፣ መርዙ ጡንቻን ሽባ ሚያደርግበት በሽታ ማለት ነው፣ ተይዘው መተንፈስ አቅቷቸው ሆስፒታል የገቡ እንደነበሩ አስታወሰ። ከዛ ግን ሚዛን ጠበቀ፣ ቱርክ ውስጥ በጣም ጎበዝ ሰርጀኖችና ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ፣ ጤና ሚኒስቴሩም ከ2017 ጀምሮ የውጭ ታካሚ ሚቀበል ሆስፒታልም አገናኝ ድርጅትም የተለየ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ፈቃዳችሁን አሳዩኝ ማለት ይቻላል። ጎበዙ ሐኪም ግን አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል ርካሽ አይደለም ብሎ ጨመረ።

17ኛዋ የያኔው የናይጄሪያ ፕሬዝዳንት ሚስት ስቴላ ኦባሳንጆም ቱርክ ነው የሞቱት አለች። 18ኛው አረማት፣ ስፔን ማርቤላ ነው፣ በ2005፣ ስብ ካስመጠጡ በኋላ፣ ሰርጀኑም በኋላ ተፈርዶበታል። አውሮፓ መሆኑ፣ ሀብታም መሆን፣ የፕሬዝዳንት ሚስት መሆን አላዳናቸውም። 19ኛዋ ደሞ የራፐሩ የካንዬ ዌስት እናት ዶንዳ ዌስት በ2007 እዚሁ ካሊፎርኒያ ተሰርተው በማግስቱ እንደሞቱ፣ ከዛም ካሊፎርኒያ ሐኪም ሳይመረምር ማንም እንዳይሰራ በ2009 በስማቸው ህግ እንዳወጣች ጻፈች። ሀሳቧ ሰው አገር ብቻ ነው አደጋው እንዳይባል ነው። ተስማምቻለሁ። ልዩነቱ ግን እዚህ የሆነ ነገር ቢመጣ የቆረጠሽ ሰው በር ላይ መቆም ትችያለሽ።

20ኛዋ ዱባይ ቤት ሰራተኛ ናት፣ ድምጿ ከሁሉ ይለያል። እነሱ ጋ ትልቅ ኦፕራሲዮን አቅሙም የለም፣ ግን አርብ አርብ ልጆቹ አንድ አፓርታማ ተሰብስበው የሆነች ሴት መርፌ ይዛ ትመጣለች፣ ከንፈር፣ ጉንጭ፣ ዳሌም ጭምር ትወጋለች፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም። አብራት ምትኖር ልጅ ጉንጯ ጠንክሮ ጠቁሮ ሆስፒታል ለመሄድ ግን መታወቂያዋ ማዳም ጋ ስለሆነ ፈርታ በበረዶ እያቀዘቀዘች ሳምንት ቆየች። 7ኛዋ ነርስ ወዲያው ነው የመለሰችላት፣ ፊለር፣ ማለትም ከንፈርና ጉንጭ ሚሞላው መርፌ፣ ከተወጋ በኋላ ቆዳው ከነጣ ወይ ከጠቆረ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ የደም ስር ተዘግቷል ማለት ስለሚሆን ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በረዶ አይደለም። ዱባይ ሚሰራ ማንኛውም ክሊኒክና ባለሙያ ከዱባይ ጤና ባለስልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ አፓርታማ ውስጥ ሚወጋ የለውም። ለዚች ልጅ ብዙ ሰው በውስጥ ጽፎላታል፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

21ኛው አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ነው። ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባል እነሱ ጋ የተቃጠለ ሰው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ህጻን ነው ይበልጥ ሚታሰበው፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ሲሰራ የኖረው እሱን ነው፣ ሰርጀኖቹም ጥቂት ናቸው። አሁን ግን ውጭ ተሰርተው ቁስላቸው የተከፈተ ሰዎችም ይመጣሉ፣ ሚያስቸግረው ምን እንደተሰሩ ሚያሳይ አንዲት ወረቀት አለመያዛቸው ነው፣ ፎቶ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ምን ተቆረጠ፣ ምን ገባ፣ ምን ማደንዘዣ ተሰጠ ሚል የለም። የትም ብትሰሩ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ሳትይዙ ከዛ አገር አትውጡ፣ ሰው ሰራሽ ነገር ከገባ ደሞ ካርዱን ብሎ ለመነ። ከአስተያየቱ ስር ብዙ ምስጋና አለ።

ከ22 እስከ 26 ክሩ ወደ ፀጉር ሄደ። አትላንታ ፀጉር ምትሰራ እህት ሹሩባ እየጠበቀ የግንባራቸው ፀጉር የሸሸ ሴቶች ኢስታንቡል እንሂድ እያሏት እንደሆነ ጻፈች። 2ኛው ተመልሶ ሂዱ አለ። 24ኛዋ ተው እንጂ አለችው፣ የኛ ፀጉር ከቆዳ ስርም ተጠማዞ ነው ሚበቅለው፣ ሲነቀል ሥሩ ይቆረጣል፣ የጥቁር ሰው ፀጉር የለመደ እጅ ይፈልጋል፣ ኬሎይድ፣ ማለትም እያበጠ ሚያድግ ጠባሳ፣ ሚወጣበት ሰው ደሞ ማጅራቱ በሙሉ ሊያብጥ ይችላል። አናቷ መሀል ላይ እየሰፋ ሚሄድ መላጣ ያለባት ሴት ከሆነች ጠባሳ ሚያመጣ በሽታ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ቆዳ ሐኪም ካላየው የተተከለውም ይሞታል። 26ኛው ጥርስ ጠየቀ፣ ባጭሩ፣ ቱርክ ቬኒር፣ ማለትም ጥርስ ፊት ላይ ሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ ተብሎ ሚሰራው ብዙ ጊዜ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን በሙሉ ሚሸፍን ቆብ ነው፣ ለሱ ጤነኛው ጥርስ ዙሪያውን ተሞርዶ ጉቶ ይሆናል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ሳትፈርሙ ጠይቁ።

27ኛው ስለ ቪዛ፣ 28ኛዋ ስለ ዶላር ምንዛሪ ነበር፣ ይዘለል።

29ኛው በጣም ተቆጥቶ ነው የመጣው። ነርሷ የአሜሪካ ዶክተሮች ገበያ እንዳይቀንስ ሰው ታስፈራራለች፣ 14,000 ዶላር ከየት ይምጣ፣ ድሀ ሴት ሆዷን ይዛ ትቀመጥ ወይ ነው ሚለው። ከስድቡ ስር ያለው ህመም እውነት ነው፣ ሁለት ስራ ምትሰራ ሴት ያን ገንዘብ አታገኘውም። 30ኛዋ ነርሷ ስድቡን አልመለሰችም፣ ሂሳቡን ነው የሰራችው። ሆቴሉ 14 ሌሊት ይሁን፣ አብሯት ሚሄድ ሰው ትኬት ይጨመር፣ ስድስት ሳምንት ስራ ሳትገባ ሚቀር ደሞዝ ይታሰብ፣ ከመጣች በኋላ ሚያያት ሐኪም ይታሰብ። ድንገተኛ ክፍል በአሜሪካ ህግ ገንዘብ የለሽም ብሎ አይመልሳትም፣ ቢሉ ግን በኋላ ይመጣል፣ ኢንሹራንሷም የውበት ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሁሉም ተደምሮ አሁንም ከቨርጂንያው ሊያንስ ይችላል፣ 5,200 ግን አይደለም።

31 ላይ እኔ ነኝ የጻፍኩት። እስከዛ ድረስ ማንም ያልጠየቃት ስለመሰለኝ፣ ሆድሽን ሚቆርጠው ሰው በድምጹ አናግሮሽ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ኪኒን ትወስጃለሽ ወይ፣ ደም ማነስ አለብሽ ወይ፣ የስንት ጊዜ ኦፕራሲዮን ጠባሳ አለሽ፣ በዘር ደም ሚረጋበት ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀሽ ሐኪም አለ ወይ። ሶስት ኦፕራሲዮን ከፎቶ አይታዘዝም። ሐኪሙ ራሱ በቪዲዮ ሳያናግራት ቀሪውን ገንዘብ እንዳትልክ ነው የለመንኳት፣ አሁንም ይሄው ነው አቋሜ፣ ኢስታንቡልም ይሁን ቨርጂንያ።

32 ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ስታወራ የነበረው በሙሉ ከአንዲት ኮንሰልታንት ጋር ነው፣ ሐኪም አናግሯት አያውቅም። ላናግረው ስትል ጠዋት ኦፕራሲዮኑ ቀን ታይዋለሽ አሏት። ስሙን ስትጠይቅ ነጭ የለበሱ ስምንት ሰዎች አንድ ላይ የቆሙበት ፎቶ ላኩላት። ቢቢኤሉ ይቅርብኝ ስትል ዋጋው ስለማይቀንስ ብትሰሪው ይሻልሻል አሏት፣ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የተናደድኩት። ዲፖዚቱ አይመለስም፣ ቀን መቀየር ግን ይቻላል። ለባሏም ነግራዋለች፣ የተቆጣው ስለኦፕራሲዮኑ ሳይሆን ብቻዋን ልትሄድ ስለነበር ነው። ቢቢኤሉን ጨርሳ ትታዋለች፣ 500ውንም ለጊዜው ትታዋለች፣ ሆዷን ግን አልተወችም፣ መተውም የለባትም።

33ኛው የሲያትሉ ፀጉር ያስተከለው ወንድም ነው፣ የሱ በማደንዘዣ መርፌ ጭንቅላት ላይ ብቻ የተሰራ ስለሆነ ከሷ ጋር አይወዳደርም፣ መጀመሪያ የመከራትን በዛ እንዳትወስን አላት። ትልቅነት ነው። 34ኛዋ የዳላሷ ናት፣ ስልኳን በውስጥ ልካላታለች፣ ማታ ማታ አውርተዋል መሰለኝ። 35ኛው ዛሬ ገብቶ ኢስታንቡል ስንት ነው አለ፣ ለሱ ስል ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት።

አሁን ጠያቂዋ ምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ቱርክም ሆነ ሌላ አገር፣ ፈቃዱን ባሳየ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰርጀኑ ራሱ አስቀድሞ አናግሮት ሆዱን ብቻ የተሰራ፣ ዓመት የሞላው፣ ጠባሳውንም የከፈለውንም ሳይደብቅ ሚናገር ሰው ካለ እዚሁ ስር ይጻፍላት። ስልክ ቁጥርና የኢንስታግራም ገጽ ሚለጥፍ ይሰረዛል።